እንሶስላ ለምን በሳሙና አይለቅም?

ገበያ ጎራ ብላችሁ የገዛችሁትን ቀይ ሥር ስትልጡ ጣታችሁ ደም የነካው ይመስላል። አንዴ በሳሙና አሸት ስታደርጉት ግን ይሄዳል። እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ ሳምንቱን ሙሉ ዕቃ ስታጥብ ብትውል እንኳ የእጇ ቅላት አይለቅም። ሁለቱም ከመሬት የተቆፈሩ ሥሮች ናቸው፤ ታዲያ አንዱ ምን ቢኖረው ነው?

እንሶስላ በደጋ፣ እርጥበትና ጥላ ባለበት ቦታ የሚበቅል ነጭ አበባ ያለው ተክል ነው። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይለጠፋል፤ ተጠቅልሎም ያድራል። ይደር መባሉ ያለ ነገር አይደለም። የቀይ ሥር ቀለም ውሃ ይወዳል፤ ውሃ ሲያገኝ አብሮት ይፈስሳል። በእንሶስላ ውስጥ ያሉት ናፍቶኪኖን የሚባሉ ውህዶች ግን (የሂናው ሎሶንም ከእነዚሁ ወገን ነው) ቀስ ብለው ወደ ላይኛው የሞተ ቆዳ ይሰርጉና ኬራቲን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ። መዳፍና ውስጥ እግር ደምቀው የሚቀሉት እዚያ ያለው የሞተ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ነው። ቆዳው ሲረግፍ ቀለሙም አብሮ ይረግፋል። የእጅ ጥፍር ግን በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ፣ የጥፍሩን ቅላት የሚያወጣው መቀስ ነው።

የነጠላ ነገር ሌላ ነው። ጥጥ ፕሮቲን የለውም፤ ስለዚህ ቀለም ዝም ብሎ አይይዘውም። አውሮፓና እስያ ጥጥ ያቀሉበት የነበረው ማደር የሚባል ተክል ሥርም ብቻውን ብዙ አይፈይድም፤ ሽማግሌ ይፈልጋል። ሽማግሌው አሉም ነው፦ ውስጡ ያለው አሉሚኒየም በአንድ በኩል ክሩን፣ በሌላ በኩል አሊዛሪን የተባለውን ቀለም ይይዛል። ሙቀቱም ልክ አለው፤ ሥሩ ከተንተከተከ ቀዩ ወደ ቡናማ ይሄዳል።

የእኛ የድሮ ሸማኔዎች ከህንድ የመጣ ባለቀለም ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ለጥለት ያውሉት ነበር። አድካሚ ሥራ ነው፤ የማይለቅ ቀለም ምን ያህል ይፈለግ እንደነበር ግን ያሳያል። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባረፉበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ግሬበና ሊበርማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን አሊዛሪንን ከድንጋይ ከሰል ዝፍት በተገኘ ውህድ ሠሩ። የማደር እርሻዎች ብዙም ሳይቆዩ ከሰሩ።

አዲስ የገዛችሁት ቀሚስ ቀይ ጥለት ነጩን ካበላሸው፣ ከክሩ ጋር በደንብ ያልተያያዘ ቀለም አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከማጠባችሁ በፊት ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሸፈን አድርጋችሁ ጫን በሉት፤ ጨርቁ ከቀላ ቀሚሱን ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳትዘፈዝፉ እጠቡት።