የምንዛሪና የዕዳ ትምህርት፦ ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለዩሮቦንድ (በውጭ ገበያ በዶላር ለሸጠችው የዕዳ ሰነድ) ባለቤቶች መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለማንም አይከብድም። አገሪቱ በዚሁ ሰነድ በ2007 ዓ.ም. 1 ቢሊዮን ዶላር ለአሥር ዓመት የተበደረችው በዓመት 6.625 በመቶ ወለድ ነበር። ይህ በዓመት 66.25 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ክፍያው በየስድስት ወሩ ስለሆነ ለሁለት ሲካፈል 33 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። የሚከብደው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። መንግሥት በወቅቱ የሰጠው ምክንያት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዐይን ማየት አለብኝ የሚል ነበር፤ አበዳሪ መንግሥታት ቀደም ብለው ክፍያ ለማዘግየት ተስማምተው ነበርና። አንድ አገር እንዲህ ስትል ምን ታተርፋለች? በሚቀጥለው ብድር ላይ ምን ትከፍልበታለች? ከማን ጋር፣ በየትኛው የውል አንቀጽ ትደራደራለች?

ዓለም አቀፍ ኢኮኖሚክስና ፋይናንስ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ሲሰጥ የሚያሠለጥነው እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሥርዓት መመለስ የሚችል ሰው ነው። ትምህርቱ ሁለት ክንፍ አለው። የንግዱ ክንፍ የሚነሣው ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ካሳተመው የአንጻራዊ ብልጫ ሐሳብ ነው። አገሮች ለምን እንደሚነግዱ፣ ከንግዱ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ፣ ቀረጥ ምን እንደሚያስከትል ይመረምራል። ብዙው ተማሪ መሠረቱን በመጀመሪያ ዲግሪ ይዞት ይመጣል።

ተማሪውን የሚፈትነው የገንዘቡ ክንፍ ነው። ዋናው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከሮበርት ማንደልና ከማርከስ ፍሌሚንግ ሥራ የወጣ ነው። አንድ አገር የምንዛሪ ተመኗን አጽንታ ልትይዝ፣ ካፒታል እንደልቡ እንዲገባና እንዲወጣ ልትፈቅድ፣ የወለድ ምጣኔዋንም ለራሷ በሚመቻት መንገድ ልትወስን ትፈልጋለች፤ አንድ ላይ ማግኘት የምትችለው ግን ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ነው። ተመኑ ከጸና፣ በሩም ክፍት ከሆነ፣ ወለድ ዝቅ ባለ ጊዜ ገንዘቡ የተሻለ ወለድ ወዳለበት ይወጣል፤ ማዕከላዊ ባንኩም ተመኑን ለመጠበቅ ሲል የዶላር ክምችቱን ይጨርሳል። ኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የመረጠችው ተመኑን ይዞ በሩን መዝጋት ነበር። ነገር ግን እገዳ ገንዘብን ሁሉ አያግድም፤ ከባንክ አብልጦ የሚከፍል ጥቁር ገበያ አብሮ አደገ፣ ከዋሽንግተንና ከሪያድ ለቤተሰብ የሚላከውም ገንዘብ ብዙው ወደዚያው አዘነበለ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብር ረክሷል። ብር ሲረክስ ቡና ላኪው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ይጨምራል፤ ስለዚህ የውጭ ንግዱ ይበረታታል ይባላል። በማስተርስ ክፍል ውስጥ ግን ክርክሩ እዚህ ላይ ይጀመራል። የቡና ችግኝ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፤ ነዳጅና ማዳበሪያ ለማስገባት የሚያስፈልገው ዶላር ግን ወዲያው በአዲሱ ተመን ይገዛል። የንግድ ሚዛኑ ከመሻሻሉ በፊት ሊብስ ይችላል ማለት ነው፤ የግራፉ ቅርጽ የላቲኑን ፊደል ጄ (J) ስለሚመስል ጄ ከርቭ ይሉታል። በዶላር የተያዘው ዕዳም በብር ሲሰላ ያብጣል። እነዚህን ውጤቶች መዝኖ በቁጥር መናገር የሚችል ባለሙያ ለአገር ውድ ነው።

ታዲያ ይህን የት ይማሩታል? ለንደንና ጄኔቫ፣ ዋሽንግተንም አሉ። እኔ ግን አንባቢ በደንብ እንዲያውቀው የምፈልገው መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገውን የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ጥምረት ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ያ ዘመን የብዙ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማሻሻያ ከዓለም ባንክና ከአይ ኤም ኤፍ ጋር የሚዘጋጅበት፣ በአፍሪካ በኩል የሚቀመጠው ባለሙያ ግን ጥቂት የነበረበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የጋራ የማስተርስ ፕሮግራም ተጀመረ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አንዱ ተሳታፊ ነው። ተማሪው ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክሱን፣ የቁጥር ዘዴውንም በአገሩ ይማራል፤ ከዚያ ዓለም አቀፍ ኢኮኖሚክስን የመሳሰሉ የምርጫ ኮርሶችን ለመውሰድ ከሌሎች አገሮች ተማሪዎች ጋር ናይሮቢ ላይ ለጥቂት ወራት ይገናኛል፤ በመጨረሻ ተመልሶ ጥናቱን ይጽፋል። ለእያንዳንዱ የምርጫ ኮርስ በቂ መምህር ማቆም ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ይከብደው ነበር፤ በደቦ ግን ተቻለ። የዶክትሬት ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2002 ተከተለ። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፋይናንስ ፕሮፌሰር የሆኑት ኢትዮጵያዊው ለማ ሰንበት ከ2013 እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ጥምረቱን በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል። ከአፍሪካ የትምህርት ተቋማት መካከል እንዲህ አስተዋይ ሆኖ የተቀረጸ ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሒሳቡ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ብዙ አመልካቾች ትምህርቱ ስለ ዓለም ንግድ ማውራት ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ግን ካልኩለስ፣ ማትሪክስና ኢኮኖሜትሪክስ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የብር መርከስ ነው ዋጋን ያናረው ወይስ የዋጋ መናር ነው ብርን ያረከሰው? ሁለቱ እኩል ሲጓዙ በዐይን አይለዩም። መንሥኤውን ከውጤቱ መለየት የሚቻለው በዘዴ ነው፤ ዘዴውን ያልያዘ ሰው የሚሰጠው ምክር ግምት ብቻ ይሆናል።

በጥናት ጽሑፉ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙ ተማሪ ከበይነ መረብ ያገኘውን የሠላሳ አገሮች አኃዝ ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አስልቶ ያስረክባል። ለአገራችን አኃዝ ግን የብሔራዊ ባንክ የሩብ ዓመት መጽሔት እኮ አለ። ኢትዮጵያ ላክሁ ያለችውንና ገዢዎቹ አገሮች ከእርሷ አስገባን ያሉትን አኃዝ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን መመርመር ራሱን የቻለ ጥናት ነው።

ባለሙያው የሚፈለግበት በር ደግሞ ሰፍቷል። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በተከታዩ ወር ተከፍቷል። ለመማር የምታስቡ ወጣቶች፣ ከምዝገባው በፊት ካልኩለሳችሁንና ስታቲስቲክሳችሁን ከልሱ፤ የጥናት ርዕሳችሁንም ከአገራችሁ የክፍያ ሚዛን ውስጥ ፈልጉ።