ቆጣሪ የሌለው ሞተር ብስክሌት ጥገናው በምን ይቆጠር?

የግብርና ባለሙያው፣ የእንስሳት ሐኪሙና የጤና ሠራተኛው መኪና ወደማይገባባቸው ቀበሌዎች የሚዘልቁት በአብዛኛው በሞተር ብስክሌት ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግቢ ቆመው ከሚታዩት መካከል ያማሃ ዲቲ 125 የተሰኘው የጃፓን ሥሪት አንዱ ሲሆን፣ ከአንድ ፕሮጀክት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እየተላለፈ ረጅም ዓመታት ያገለገለው ጥቂት አይደለም። ሞተር ብስክሌቱ በቆመ ቀን የክትባት ሣጥኑም አብሮ ይቆማል።

የአምራቹ መመሪያ የጥገናን ጊዜ የሚወስነው በኪሎ ሜትር ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ደግሞ ከፊት ጎማ ጋር በቀጭን ገመድ የተያያዘ በመሆኑ በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ላይ ቀድሞ ከሚበላሹት መካከል ይመደባል። ገመዱ ከተበጠሰ በኋላ በጉዞ መዝገቡ ላይ ያው አኃዝ ለወራት ሲገለበጥ ይኖራል፤ ወይም ደግሞ በግምት ይሞላል። በዚህ ሁኔታ ዘይት መቼ እንደተለወጠና መቼ መለወጥ እንዳለበት ለማወቅ አይቻልም። ጥገናው ሞተሩ እስኪቆም ይጠብቃል።

ጉዳቱ ለምን እንደሚፈጥን ለመረዳት የሞተሩን አሠራር በጥቂቱ መመልከት ያስፈልጋል። ዲቲ 125 ባለሁለት ምት ሞተር ነው። አየርና ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅለው በቅድሚያ የሚገቡት ወደ ታችኛው የሞተር ክፍል ነው፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚወጡት ከዚያ በኋላ ነው። የታችኛው ዘንግና ኩሽኔታዎቹ የሚለሰልሱትም በዚሁ ቅልቅል ነው። ስለዚህ በአየር ማጣሪያው በኩል ሾልኮ የሚገባ አቧራ መጀመሪያ ኩሽኔታዎቹን፣ ቀጥሎ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይፍቃል። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ፣ ማለትም ከአንድ ፀጉር ውፍረት የማይበልጥ እንደሆነ ሲታሰብ የአቧራ ቅንጣት ምን ሊያደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በመሆኑም የማጣሪያው ስፖንጅ ጉዳይ በኪሎ ሜትርም ሆነ በወር የሚመራ አይደለም። በበጋ በጠጠር መንገድ ከሌላ ተሽከርካሪ ኋላ ለግማሽ ቀን የተነዳ ሞተር ብስክሌት ማጣሪያው በዚያው ምሽት ሊታይ ይገባል። ስፖንጁ በነጭ ጋዝ፣ ከዚያም በሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ፣ ከደረቀ በኋላ ዘይት እንዲጠጣ ይደረጋል። ዘይቱ ትርፍ ነገር አይደለም፤ አቧራውን የሚይዘው እርሱ ነው። ደረቅ ስፖንጅ ያለው ሞተር ማጣሪያ እንዳለው ባይቆጠር ይሻላል። ጥቅም ላይ ካለው ስፖንጅ ሌላ ሁለተኛ ስፖንጅ በንብረት ክፍል ቢኖር፣ ለማድረቂያ ጊዜ የለም ተብሎ ማጣሪያው የሚወልቅበት ምክንያት አይኖርም።

የዘይት አቀራረቡም ሌላ የጉዳት በር ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ያስተዋወቀው የዘይት ፓምፕ ዘይቱን ከተለየ ታንከር እየሳበ በሞተሩ ፍጥነትና በነዳጅ መስጫው ልክ ይመጥናል። አንዳንድ ጋራዦች ፓምፑ አያስተማምንም በሚል ይነቅሉትና ዘይቱ በቤንዚኑ ውስጥ እንዲቀላቀል ያደርጋሉ። ለምሳሌ አንድ ለሃያ አምስት በሚባለው ምጣኔ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመራል። አሠራሩ በራሱ ስህተት ነው ለማለት ባይቻልም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን አደጋ አለው። ሞተር ብስክሌቱን ለአንድ ቀን የተዋሰ ባልደረባ ፓምፑ መነቀሉን ሳያውቅ ንጹሕ ቤንዚን ቢሞላ ሞተሩ ያለ ዘይት ሠርቶ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ፓምፑ ከተነቀለ ይኸው በታንከሩ ክዳን አጠገብ በጉልህ መጻፍ አለበት።

ረጅም ቁልቁለትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ በማርሽ እየያዘ የሚወርድ አሽከርካሪ ሞተሩን በፍጥነት ያሽከረክረዋል፤ ቤንዚን ግን በጣም ጥቂት ይገባል። ዘይቱ በቤንዚን ውስጥ የተቀላቀለ ከሆነ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። በየጥቂት ሰኮንዶች ነዳጅ መስጫውን ለአፍታ ከፈት ማድረግ ይህን ያስቀራል።

ከፍታው ራሱም ይታሰባል። አዲስ አበባ በምትገኝበት ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር በደጋ ላይ ለአየሩ የማይመጥን ብዙ ቤንዚን ስለሚሰጥ ካንዴላው ይጠቁራል፣ በማርሚታውም ውስጥ ጥላሸት ይከማቻል። ለደጋ ተቀንሶ የተስተካከለው ደግሞ ቆላ ሲወርድ ቤንዚኑ ያንሰውና ፒስተኑ ከመጠን በላይ ሞቆ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ሞተር ብስክሌት ከአንድ ዞን ወደ ሌላ ሲዛወር ካርቡሬተሩ እንደገና መስተካከል እንዳለበት በዝውውር ደብዳቤ ላይ ተጽፎ አይታይም።

ወደ ቆጣሪው ጉዳይ ስንመለስ፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት ሳያስበው የሚይዘው አንድ ሌላ መለኪያ አለ። እርሱም የነዳጅ መዝገብ ነው። ነዳጅ በኩፖንም ሆነ በደረሰኝ ሲወጣ ቀኑና ሊትሩ ይጻፋል። እንበልና መመሪያው አንድን ሥራ በየ1,500 ኪሎ ሜትር እንዲከናወን ያዛል፤ ሞተር ብስክሌቱም በደህና መንገድ በ1 ሊትር 30 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እንግዲያው ሥራው በየ50 ሊትሩ ይደርሳል ማለት ነው። በአቀበትና በጭቃ ያው ሞተር ብስክሌት በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢጓዝ 50ው ሊትር የሚያልቀው በ1,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥገናውም በዚያው ልክ ይቀርባል። ይህ ደግሞ ትክክለኛው ነው። በአንደኛ ማርሽ አቀበት የሚወጣ ሞተር በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚዞረው ዙር በሜዳ ከሚዞረው እጅግ ይበልጣልና። በእኛ መንገድ ሊትር ከኪሎ ሜትር የተሻለ ምስክር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ነዳጁ ወደ ሌላ ታንከር እስካልተገለበጠ ድረስ።

ባለአራት ምት በሆኑት እንደ ያማሃ ኤጂ 200 ባሉት ላይ ይህ ስሌት ይበልጥ ይጠቅማል። በእነርሱ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን የሚያለሰልሰው አንድ ዓይነት ዘይት ነው፤ መጠኑም ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ዘይቱ ቶሎ ያረጃል። ለመኪና የተዘጋጀ አንዳንድ ዘይት ደግሞ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል።

ሞተሩ ማርጀቱን የሚናገሩ ምልክቶችን መለየትም ያስፈልጋል። የእግር ማስነሻው ሲረገጥ እንደ ወትሮው ካልከበደ፣ አቀበት ላይ ቀድሞ በሚወጣበት ማርሽ አልወጣም ካለ፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው የፒስተን ቀለበቶች ወይም ሲሊንደሩ ራሱ ተበልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በባለሁለት ምት ሞተር ጥቂት ጭስ ያለ ነው፤ ዘይቱ አብሮ ስለሚቃጠል ነው። ጭሱ እየበዛ የካምቢዮ ዘይት ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ ግን በፍሪሲዮን በኩል ያለው የዘንግ ጎሚኒ አርጅቶ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ነው።

ለዚህ ሁሉ በብዛት የሚሰጠው መፍትሔ ፋሻ መለወጥ ብቻ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። የሲሊንደሩ ስፋት 56 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ ላይኛው ክፍሉ ይበልጥ ስለሚበላ ክቡነቱን ያጣል፤ አዲስ ፋሻም በተበላ ሲሊንደር ውስጥ በቅጡ አይገጥምም። ሲሊንደሩ ተለክቶ መጠኑን ካለፈ ሰፍቶ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ይገጠምለታል። ገንዘብ ለመፍቀድ የቀረበለት ኃላፊ ከመፈረሙ በፊት ሲሊንደሩ መለካቱን ቢጠይቅ አግባብ ነው።

በርክክብ ጊዜ የሚሞላው ቅጽ የሰሌዳ ቁጥርን፣ የመስታወትንና የመለዋወጫ ቁልፍን ይዘረዝራል፤ ስለ ሞተሩ አንድም መስመር የለውም። ሦስት መስመር ቢጨመር ይበቃል። ዘይት ከተለወጠ ወዲህ የወጣው ነዳጅ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ የሲሊንደሩ ግፊት በመጨረሻ ሲለካ ስንት እንደነበረ፣ የዘይት ፓምፑም በቦታው ስለመኖሩ።