ለመኖሪያ ክፍል የሚስማማ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ

የማገለግላቸው ነጋዴ ባለፈው ዓመት ወደ ጂንካ ያስመጡት የክፍል ማሞቂያ እስከ ዛሬ በመጋዘን ተቀምጧል። የትእዛዙን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝና ከወቀሳው ድርሻ አለኝ። የጂንካ ብርድ ከጋቢ አያልፍም፤ በኦሞ ወንዝ ዳር በሙቀቱ ምክንያት ማሞቂያን የሚጠይቅ አይገኝም። ገበያው ያለው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆኑት በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን፣ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ ነው።

ስለ ዓይነቱ ምርጫ ብዙ ሻጮች ይሳሳታሉ። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ ዘይት የያዘም ሆነ አየር የሚነፋ፣ የሚሰጠው ሙቀት እኩል ነው፤ «ይኼኛው ኤሌክትሪክ ይቆጥባል» ብሎ ዋጋ መጨመር ገዢን ማታለል ነው። ልዩነቱ በአሰጣጡ ነው። ባለ ዘይቱ ዘግይቶ ይሞቃል፤ ከጠፋም በኋላ ሙቀቱን ስለሚያቆይና ድምፅ ስለሌለው ለመኝታ ቤት ይመረጣል። ነፊው ለአጭር ጊዜ ይበጃል። ለ10 ካሬ ሜትር ክፍል 1,000 ዋት ያህል ይበቃል።

ባለ 2,000 ዋቱ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ቢሰካ ቃጠሎ ያስነሣል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛትም እንደሚገድል ሻጩ ለገዢው አስቀድሞ ይንገረው።