በደብረ ማርቆስ ሄዶ በሞጣ መመለስ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባህር ዳርንና ጎንደርን በመኪና ለማየት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የሁለቱን ከተሞች አልጋ ነው። ጎጃም በዚህ ሂሳብ ውስጥ በመስኮት የሚታይ ሀገር ሆኖ ይቀራል። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ ይበላል፣ ከተማችን አማኑኤል ደግሞ ስሟ እንኳን ሳይጠየቅ ትታለፋለች። ይህ የሚያሳዝነኝ ለከተማዬ በመቆርቆር ብቻ አይደለም፤ መንገደኛው በከፈለው ገንዘብ ሊያየው ይችል የነበረውን ግማሹን ሳያይ ስለሚመለስ ነው። ገንዘቡ የተቆጠረ ተጓዥ በሄደበት መንገድ መመለስ የለበትም ባይ ነኝ።

ምክንያቴ ከደጀን ይጀምራል። የአባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን የወጣ መኪና ወደ ባህር ዳር ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ ዞሮ ከአዲስ አበባ 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው በብቸናና በሞጣ አቋርጦ ወደ 490 ይወርዳል። ስለዚህ በማርቆስ ሄዶ በሞጣ መመለስ በማርቆስ ደርሶ መልስ ከመሄድ ያጥራል፤ የሚታየው ግን ይበዛል። በምዕራቡ መስመር ደብረ ማርቆስ አለች፤ የቀድሞዋ መንቆረር፣ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ በኋላ ጎጃምን ያስተዳደሩባት ከተማ። እንጅባራ አጠገብ የዘንገና ሐይቅ ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። በምሥራቁ መስመር ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ደግሞ መርጡለ ማርያም አሉ። መርጡለ ማርያም ግቢ ውስጥ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ቆሟል፤ በተጠረበው ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጌጥ ዛሬም ይለያል። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተው ነው። የጎንደርን ግንብ ሊያይ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው፣ ከግንቡ የሚቀድመውን ሥራ በቅርብ ርቀት አልፎት መሄዱ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል። ፍቅር እስከ መቃብር የተባለውን ልቦለድ ያነበበ ሰው ደግሞ የታሪኩን ቦታዎች፣ ማንኩሳን በአንዱ መንገድ፣ ዲማን በሌላው ያገኛቸዋል።

«መንገዱ በሚኒባስ ሲቆራረጥ ከቀጥታው አውቶቡስ ይወደዳል፤ አልጋም ይጨምራል» የሚል ሰው ልክ ነው። የየመናኸሪያው ታሪፍ ሲደመር ከፍ ይላል። ነገር ግን በዚህ ጉዞ ኪስ የሚያራቁተው ሌላ ነገር ነው። ባህር ዳር ላይ ወደ ሐይቁ ገዳማት የሚወስድ ጀልባ የሚቀለው ዋጋው ለብዙ ሰው ሲካፈል ነው፤ ለሁለት ሰው ኮንትራት መያዝ የሁለት ቀን ወጪ ይበላል። ዘጌ ደሴት ስላልሆነ በየብስም ይደረሳል፤ እዚያ ያለውን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ለማየት ጀልባ ግድ አይደለም። ጎንደር ደግሞ በጥምቀት ሰሞን አልጋ እሳት ነው። በዓሉን ሊያከብር የሚሄድ ይክፈል፣ ይገባዋልም። ፋሲል ግቢንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ለማየት ለሚሄድ ግን ከጥር 11 በኋላ ቆየት ማለቱ ይሻላል፤ ሁለቱም በእግር ይደረሳሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ዐቢይ ጾምም ምግቡን ያቀለዋል፣ በየደረሱበት በያይነቱና ሽሮ አይጠፋምና። እንደ አማኑኤልና ደምበጫ ባሉ ከተሞች አልጋ ከባህር ዳር ይረክሳል። ንጽሕናው ያሳስበናል ለምትሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን እዩት፦ ቧንቧውን ክፈቱ፣ ቁልፉን አዙሩ፣ አንሶላውን ግለጡ። ካልጣማችሁ ከአማኑኤል ማርቆስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሰላም ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ በድንገት እንደሚዘጋ፣ መንገደኛ እንደሚጉላላና እንደሚታገት የማያውቅ የለም። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ጉዞው ይቆይ፤ ታሪክ ለማየት ብሎ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል አይገባም። ሲከፈት ግን መንገዱን መቆራረጥ ለጥንቃቄም ይመቻል። እስከሚቀጥለው ከተማ ብቻ የከፈለ ሰው፣ ጠዋት ከዚያ የመጡ ሾፌሮችን መናኸሪያ ላይ ጠይቆ ለመቀጠልም፣ ለማደርም፣ ለመመለስም ነፃ ነው። ሳይመሽ አልጋ መያዝ፣ ለአንድ ቀንና ሌሊት የሚበቃ መጠባበቂያም በጥሬ ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ ስልክ ላይ ያለ ብር አያገለግልም። ቀን ካጠረባችሁ ከባህር ዳር አንድ ሌሊት ቀንሱ እንጂ መርጡለ ማርያምን አትዝለሉ።