አፍንጫ የሚሮጥበት ቋንቋ

«ረን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ተማሪ ገና በታችኛው ክፍል «ሮጠ» ብሎ ያጠናዋል። ፍቺው ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን በእግር መሮጥ ከቃሉ ብዙ ፍቺዎች አንዱ ብቻ ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለግሡ ብቻ 645 ፍቺዎች ለይቷል። ይህን ሥራ የሠሩት ባለሙያ ፒተር ጊሊቨር በአንዱ ቃል ላይ ዘጠኝ ወር ያህል ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም በፍቺ ብዛት የሚታወቀው «ሴት» ነበር፤ ከአማርኛው ሴት ጋር የሚገናኘው በፊደል ብቻ ነው እንጂ ትርጉሙ «አስቀመጠ» ነው።

ቃሉ ከጥንትም ለእግር ብቻ የተሰጠ አልነበረም። የጀርመንኛ ዘመዶቹ ይህን ያሳያሉ፤ «ሬነን» መሮጥ፣ «ሪነን» ደግሞ መፍሰስ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዟል። ስለዚህ እንግሊዛዊ ወንዙ «ይሮጣል» ሲል ቅኔ መዝረፉ አይደለም። ጉንፋን የያዘው ሰው «ማይ ኖዝ ኢዝ ረኒንግ» ይላል፤ ቃል በቃል ለሚተረጉም አማርኛ ተናጋሪ አፍንጫ ከፊት ተነሥቶ ሲፈረጥጥ ይታየዋል። አዲስ ቀይ ሸሚዝ ከነጭ አንሶላ ጋር ተዘፍዝፎ አንሶላውን ሮዝ ሲያደርገውም «ሮጠ» የሚባለው ቀለሙ ነው። አማርኛ «ለቀቀ» ብሎ ይገላገላል።

ፍቺዎቹን ይበልጥ ያበዛው የማሽን ዘመን ነው። ባቡር፣ ሞተር፣ ፋብሪካ ሁሉ «የሚሮጥ» ሆነ፤ በኋላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተከተለ። ማሽኑ ከሮጠ የሚያስሮጠው አለና ሱቅ ወይም ድርጅት ማስተዳደርም «ረን» ተባለ። አማርኛ እዚህ ላይ ረጋ ያለ ነው፤ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሥራው ይሄዳል፣ ባለቤቱም ሥራውን ያስኬዳል። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገጥሙት «ለጉዳይ ስሮጥ ዋልኩ» በሚባልበት ቦታ ነው።

ተማሪን የሚያስቸግሩት ግን ከግሡ ኋላ የሚለጠፉት ትንንሽ ቃላት ናቸው። «ረን አውት» ሲሆን ስኳሩ አለቀ፤ «ረን ኢንቱ» ሲሆን የቀድሞ ጓደኛ በድንገት መንገድ ላይ ተገኘ፤ «ረን ኦቨር» ሲሆን መኪና ሰው ዳጠ። ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ ሯጭ የለም። እነዚህን ከነጓዛቸው ከማጥናት ሌላ አቋራጭ የለም።

ስም ሲሆንም ያው ነው። ሴቶች የሚያደርጉት ስቶኪንግ ሲተረተር መስመሩ «ረን» ይባላል፤ በክሪኬት ነጥብ ነው። ባንኩ ሊከስር ነው የሚል ወሬ ሰምተው ገንዘባቸውን ሊያወጡ በሩ ላይ የሚጋፉ ደንበኞች ግርግርም በዚሁ ቃል ይጠራል። በምርጫ ወቅት ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ይለያያሉ፤ በአሜሪካ ዕጩ ተወዳዳሪ «ይሮጣል»፣ በብሪታንያ ግን «ይቆማል»።