ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም፣ ከአጅባር እስከ ወግዲ፣ አንድ ማኅበር ብቻ ያላት ሴት ማግኘት ይከብዳል። ለቀብር ቅሬ አለ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው የሚቀብሩበት፣ አብረው ድንኳን የሚተክሉበት። ለገንዘብ ዕቁብ አለ። ለእምነት በአንዱ ቤት የማርያም ወይም የሚካኤል ፅዋ ይጠጣል፤ በሌላው ቤት ቡና ተፈልቶ ዱበርቶች የሚባሉት ሙስሊም ሴቶች ዱዓ ያደርጋሉ። ለእርሻው ደቦና ወንፈል አለ። ከእነዚህ ሁሉ ኋላ የመጣ አንድ ሌላ ማኅበርም አለ፤ ሴቶች ተሰባስበው የሚቆጥቡበትና የሚበዳደሩበት የራስ አገዝ ቡድን። እሱን ላስተዋውቅ ነው የተነሣሁት። ያንንም የማደርገው እዚህ ደጋ ላይ አንድ ከባድ ሸክም ሊያቃልል ይችላል ብዬ ስለማምን ነው፤ ኦቲዝም ያለው ልጅ የምታሳድገውን እናት ሸክም።

የራስ አገዝ ቡድን በሀገራችን የተጀመረው በ2002 (እ.ኤ.አ.) ናዝሬት ላይ ነው። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ቲርፈንድ ከተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ጋር ሆና በአምስት ቡድኖች ጀመረችው፤ ሐሳቡ የመጣው ከሕንድ ነበር። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ፣ ኑሯቸው የሚቀራረብ ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን ይገናኛሉ። ከውጭ የሚሰጣቸው ገንዘብ የለም፤ ከራሳቸው መቀነት ትንሿን ብር ያዋጣሉ፣ የተጠራቀመውንም እርስ በርስ ይበዳደሩታል። ደንቡን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ስብሰባውን በየተራ ስለሚመሩ፣ በሕዝብ ፊት ቃል ተናግራ የማታውቅ ሴት አንድ ቀን ወንበሩ ይደርሳታል። ቡድኖቹ ሲበዙ ደግሞ ተወካዮቻቸውን ልከው ኅብረት ያቋቁማሉ፤ አንድ ቡድን ብቻውን የማይደፍረውን ጉዳይ ኅብረቱ ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳ ይዞት ይሄዳል።

የዚህ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ አሠራርም አለ፤ ኬር የተባለው ድርጅት በ1991 (እ.ኤ.አ.) ኒጀር ውስጥ ማራዲ በሚባል አካባቢ የጀመረው የመንደር ቁጠባና ብድር ማኅበር። ዛሬ በእኛም ገጠር በሰፊው ይሠራበታል። እኔ ከሁሉም የምወደው ሣጥኑን ነው። ከብረት የተሠራ ሆኖ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱን መክፈቻ ሦስት ሴቶች ይይዛሉ፣ ሣጥኑ ግን የሚያድረው በአራተኛዋ ቤት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚነካው ሁሉም ባሉበት ብቻ ነው። ከስብሰባ ውጭ ተቀማጭ አይገባም፣ ብድርም አይወጣም። ብሩ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፤ ስብሰባው ሲያልቅ በሣጥኑ ውስጥ የቀረው መጠን ይነገርና ሁሉም በቃላቸው ይይዙታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ይጠየቃሉ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት የማኅበሯን ሒሳብ የምትቆጣጠርበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ዓመቱ ሲሞላ የተጠራቀመው እንደየቁጠባቸው ይከፋፈላል፤ ሴቶቹም እንደገና ይጀምራሉ።

ከቁጠባው ጎን ለብቻው የሚቀመጥ አንድ ሌላ ከረጢት አለ፤ ማኅበራዊ ፈንድ ይሉታል። ሴቶቹ በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ይጥሉበታል፤ ለታመመ፣ ቤቱ ለተቃጠለ፣ ድንገት ለተቸገረ ይሰጣል። ወለድ የለበትም፤ ብዙ ጊዜም መመለስ የለበትም። ይህን ከረጢት አስታውሱልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ዕቁብም ቁጠባ ነው፤ ግን ዕጣ አለው። ዕጣው ያልወጣላት እናት ልጇ ሌሊት ሲንቀጠቀጥ የዳኛውን ፈቃድ መለመን ሊኖርባት ነው። ቅሬ ደግሞ ድንኳኑን የሚያወጣው ሰው ሲሞት ነው። ይህን የምለው ቅሬን ለማሳነስ አይደለም፤ ወሎን ወሎ ካደረጉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ነገር ግን ማኅበሮቻችን ለሞተው ፈጥነው ይደርሳሉ፣ በሕይወት ላለው ልጅ ግን ይዘገያሉ። ደንብ ደግሞ ይለወጣል። በኤች አይ ቪ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ቅሬን የሚመስሉ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን መርዳትና ወላጅ ያጡ ልጆችን ማገዝ የጀመሩት ቀብር ብቻውን እንደማይበቃ አይተው ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልሂድ። ኦቲዝም የአንጎል እድገት ልዩነት ነው፤ በእናት ማኅፀን ይጀምራል፣ ዕድሜ ልክም ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ100 ልጆች አንዱን ገደማ ይመለከታል ሲል ቆይቷል። ልጁ ዓመት ሲሞላው ስሙ ተጠርቶ አይዞርም። የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም፤ ይልቅ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ዕቃው ይወስዳታል። ዓይን ለዓይን መጋጠም ይከብደዋል። ቃል ሳያወጣ ሁለት ዓመት ያልፈዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጀምሮት የነበረው ቃል ይጠፋበታል። እጁን ያርገበግባል፣ የሰፌድ ጠርዝ ሲሽከረከር ያያል፣ የለመደው መንገድ ሲቀየር አገር ይያዝልኝ ብሎ ይጮኻል። የወፍጮ ድምፅ ወይም የሹራብ ክር ሊያሠቃየው ይችላል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ አይቶ ኦቲዝም ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቹ አብረው ሲታዩ ግን ልጁ መመርመር አለበት። በመጀመሪያ ደግሞ ጆሮው ይታይ፤ የማይሰማ ልጅም ስሙ ሲጠራ አይዞርምና።

ምክንያቱ በአብዛኛው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ክትባት አያመጣውም፤ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ያመጣል ብሎ የወጣው የእንግሊዝ ሐኪም ጽሑፍ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሔት ራሱ ተሰርዟል። የእናት ኃጢአት አያመጣውም፤ እርግማን፣ ቡዳ፣ ዛር አያመጡትም። እናትን መወንጀል ደግሞ የእኛ ሀገር በሽታ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በምዕራቡ ዓለም ሳይቀር እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የተማሩ ሐኪሞች ልጁን ኦቲዝም ያስያዘው የእናቱ ልብ ቀዝቃዛ መሆን ነው ይሉ ነበር። ያን ውሸት የሰበሩት በብዛት ራሳቸው ወላጆች ናቸው፤ የብሪታንያው ብሔራዊ የኦቲዝም ማኅበር በ1962 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም መሥራቾቹ ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ወላጆች ነበሩ።

በኢትዮጵያም ነገሩን አደባባይ ያወጣችው እናት ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ኒያና የተባለውን የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ይሠሩ ነበር። ወንድ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ግን ጠፋ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ አቋቋሙ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ወጥተው ስለ ልጃቸው በግልጽ የተናገሩት፣ ሌሎች ወላጆች እንዲህ ያለ ልጅ እንዳላቸው ለጎረቤት በማይነግሩበት ጊዜ ነው። የአማርኛን ፊደል ድምፆች ተጠቅመው ቃል ለማያወጡ ልጆች ንግግር ማስተማሪያ ዘዴ እስከ ማዘጋጀት ደርሰዋል፤ አቡጊዳ ፎኔቲክስ ብለውታል። በኋላም ወላጆች ተሰባስበው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። ከደቡብ ወሎዋ ቦረና ወረዳ ቀበሌ የምትነሣ እናት እዚያ ለመድረስ መኪና፣ ማደሪያ፣ የቀናት እህል፣ ቤት ለሚቀሩት ልጆች ጠባቂ ያስፈልጋታል።

እንዲህ ያሉ እናቶች ምን እንደሚደርስባቸው በአዲስ አበባ በሁለት ክሊኒኮች ኦቲዝም ወይም ሌላ የአእምሮ እድገት ችግር ካለባቸው ልጆች 102 አሳዳጊዎች ተጠይቆ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አለ። 45 ከመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ከአራት አንዷ በላይ ሁኔታውን ለመደበቅ ትጥራለች። 40 ከመቶው ገደማ ምክንያቱን ከመንፈስ ጋር አያይዘውታል። ከሁሉ በላይ ጎደለን ያሉት ግን መድኃኒት አልነበረም፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የጠየቁት ልጃቸው የሚማርበት ቦታ ነው። ይህ ክሊኒክ ድረስ መምጣት የቻሉት ሰዎች መልስ ነው። ከክሊኒኩ ውጭ፣ በር ተዘግቶበት ጓዳ የሚውለው ልጅ አልተቆጠረም።

መደበቁ ገንዘብ ይበላል። ልጁን ብቻውን መተው ስለማይቻል እናት ገበያ አትወጣም፤ የወፍጮ ቤቱ፣ የውኃው፣ የጠላው ሥራ ይቀርባታል። ለመፍትሔ ብላ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትንከራተት በግ ይሸጣል፤ በግ ሲያልቅ ከአራጣ አበዳሪ ይወሰዳል። ፀበል የሚሄደውን ሰው አልነቅፍም፤ ጸሎት ለእናት ብርታት ነው፤ የተድባበ ማርያም ገዳም በሳይንት ያለበት ሀገር ሰው ይህን አይጠይቀኝም። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ። ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው፤ ልጁ መድኃኒት ከጀመረ ፀበል ላይም ሳለ መድኃኒቱ መቋረጥ የለበትም። በድንገት ማቋረጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

የራስ አገዝ ቡድኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሳምንታዊ ስብሰባው ለብር ብቻ አይደለም፤ ከቁጠባው በኋላ በኑሮ ጉዳይ መነጋገር የአሠራሩ አንድ ክፍል ነው፤ ስለ ወሊድ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ልጅ ጋብቻ የሚወራው እዚያ ነው። ስለ ኦቲዝምም እዚያው ይወራ። ለመናገር የሚመች ሰው ሩቅ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመደባሉ፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ለ5,000 ሰው ገደማ ይደርሳሉ። ስለ ልጆች እድገት ችግር በቪዲዮና በጽሑፍ የተዘጋጀ ሥልጠና ያገኙት ደግሞ ኦቲዝም ስላለው ልጅ የነበራቸው የተሳሳተ ግምት እንደሚቀንስ በሀገራችን በተደረገ ጥናት ታይቷል። አንዷ ከነሱ ለአንድ ከሰዓት የቡድኑ እንግዳ ብትሆን ሃያ ቤት ወሬው ይደርሳል።

እናት ራሷ የምትማረውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በኢትዮጵያም ለእኛ ኑሮ እንዲስማማ ተደርጎ ተሞክሯል። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ሲሆን ዘጠኝ ጊዜ በቡድን፣ ሦስት ጊዜ በየቤቱ ይሰጣል። ልዩ መሣሪያ አይፈልግም፤ ልጁ የሚማረው በየቀኑ በሚሠራው ነገር ነው። ቡና ስትቆላ ልጁን ፊት ለፊቷ ታስቀምጠዋለች፤ ሲኒውን ታሳየዋለች፤ ልጁ እስኪያይ ወይም እጁን እስኪዘረጋ ትጠብቃለች፤ ሲዘረጋ ወዲያው ትሰጠዋለች፣ «ሲኒ» ትለዋለች። ረጅም ዓረፍተ ነገር አታበዛበትም። ልብስ ሲለብስ፣ እጅ ሲታጠብ፣ እንጀራ ሲቀርብ እንዲሁ። ጥቂት ጥቂት፣ ግን በየቀኑ። መካነ ሰላም ላይ ሕንፃ እስኪሠራ የማይጠብቅ ትምህርት ይህ ነው። አጠገቧ ሆና «ትናንት እጁን ዘረጋ ወይ?» የምትላት ጎረቤት ካለቻት ደግሞ እናት ቶሎ አትሰለችም።

ስለ ወለድ ግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ወሎ ውስጥ በአንድ ቡድን ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው መቀመጣቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ብድሩ ወለድ ካለው ከፊሎቹ ሴቶች በእምነታቸው ምክንያት ይቀራሉ። ደንብ የሚያወጡት እነሱ ናቸውና ያለ ወለድ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ሣጥኑ በመዋጮ ብቻ ያድጋል፣ ወይም በጋራ በግ አድልበው ትርፉን ይካፈላሉ። ትልቅ ገንዘብ ሲጠራቀም ወደ ባንክ መውሰድ ይሻላል፤ ቀድሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) የነበረው ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ ከወለድ ነፃ አገልግሎትም በንግድ ባንክ አለ። ብድሩ ግን ለሚያተርፍ ነገር ይሁን። ለሕክምና ጉዞ የሚወሰድ ብድር ትርፍ ስለማያመጣ፣ የእናቲቱን ቁጠባ ያስይዛል፣ ከዚያም ከቡድኑ ያስወጣታል። ያ ከማኅበራዊው ፈንድ መውጣት ያለበት ነው።

ቡድኑ ግን ክሊኒክ አይደለም። ማንም ሴት በማኅበር መሐል ተነሥታ ለጎረቤቷ ልጅ የበሽታ ስም አትስጥ። ሁኔታውን ያየ ሰው እናቲቱን ለብቻዋ ያነጋግራት፣ ወደ ጤና ኬላ አብሯት ይሂድ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚልከው ባለሙያው ነው።

ደንቡን ለሚጽፉ ሴቶች ልጨምር የምፈልገው አጭር ነው። እድገቱ የዘገየ ልጅ ወደ ደሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰድ የመኪናው ሒሳብ ከማኅበራዊ ፈንድ ይከፈል፣ መመለስም አይኑርበት። እናቲቱ ለሥልጠና ወይም ለገበያ በምትወጣበት ቀን ልጁን በተራ የሚይዙ ሁለት አባላት ይመደቡ፤ ሁሌ እነዚያው ሁለት ይሁኑ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ፊት ሲቀያየርበት ይጨነቃልና። የልጁ ስም በቃለ ጉባኤ አይጻፍ። እናት ልጇን ይዛ ስብሰባ ስትመጣ፣ ልጁ ቢጮህም ቢሮጥም፣ ትውጣ የሚል አንድም ሰው እንዳይኖር በደንቡ ይግባ፤ ሣጥኑ ሲከፈት እሷም እንደ ሌሎቹ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ብሩን ትቁጠር።