የዶርማችን ሶኬትና የጉባ ወንዝ



ከመግሪብ በኋላ ዶርም ስንገባ መጀመሪያ የምንፈልገው ሶኬት ነው። አንዱ ላይ አራት ቻርጀር ይደረደራል። መብራት ከጠፋ ማማረር ነው። ያ መብራት ምን እንዳስከፈለና ማንን እንዳስከፈለ ግን እምብዛም አናወራም፤ ለዚያውም ግድቡ ያለው እዚሁ ክልላችን ውስጥ ሆኖ።

የሕዳሴ ግድብ መሠረት በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ሲሆን ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። እንደ ድንጋይ ከሰል አያጨስም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ሐይቁ የተኛበት መሬት ባዶ አልነበረም። የጉሙዝ ወገኖቻችን በዓባይ ዳር ያርሱ፣ ዓሣ ያጠምዱ፣ ማር ይቆርጡ፣ ከአሸዋው ወርቅ ያጥቡ ነበር። ለግድቡ ሲባል ከቦታቸው የተነሡት ወንዙን ይዘው ሊሄዱ አልቻሉም። ቤትና ማሳ በካሳ ሊተመን ይችላል፤ ልጅ ከአባቱ የተማረው የዓሣ ማጥመጃ ቦታ ግን በምን ይተመናል? በውኃ የተዋጠ ዛፍና ሣርም አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን የተባለውን ሙቀት አማቂ ጋዝ ያወጣል። እንደ ጉባ ባለ ሞቃት ቆላ ብስባሴው ይፋጠናል።

ከግድቡ የሚነሣው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይደርሳል። ከአገሪቱ ኃይል ከፍተኛ ድርሻ ከሚወስዱት ደንበኞች መካከል ደግሞ የቢትኮይን «ማይኒንግ» ድርጅቶች ይገኛሉ። ቻይና ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራውን ስታግድ ርካሽ መብራት ፍለጋ ከተሰደዱት የተወሰኑት ወደ እኛ መጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በየ10 ደቂቃው ገደማ በመላው ዓለም ያሉ ማሽኖች አንድ ቁጥር ለመገመት ይሽቀዳደማሉ። ቀድሞ ያገኘው ቢትኮይን ይሸለማል፤ የተሸነፉት የፈጁት መብራት ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ደጋፊዎቹ «ውድድሩ ሥርዓቱን ከአጭበርባሪ ይጠብቃል» ይላሉ። ጠቅላላ ፍጆታው በዓመት ከ100 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይበልጣል። ሕዳሴ በዓመት ያመነጫል የሚባለው 15 ቢሊዮን ያህል ስለሆነ፣ ስድስት ሕዳሴ ቢደመር አይበቃውም። (የኤሌክትሪካል ተማሪዎች፣ ስሌቱን ፈትሹልን።)

የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤቱ ክርክር ተራ አይደለም፦ ድርጅቶቹ የሚከፍሉት በዶላር ነው፤ የሚገዙትም ማከፋፈያ መስመር ስለሌለ መንደር ያልደረሰውን ኃይል ነው። ግን ግማሽ ያህሉ ኢትዮጵያዊ አሁንም መብራት የለውም። ስለዚህ ጥያቄው ዶላሩ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው፤ ወደ መንደር ትራንስፎርመርና ምሰሶ ካልተቀየረ ጉባ የከፈለው ለማን ነው?

የቢትኮይንን ሑክም ለዑለማዎች እንተወው። ኢስራፍን በተመለከተ ግን በሚፈስ ወንዝ ዳር ውዱእ ስናደርግ እንኳ ውኃ እንዳናባክን ተምረናል።

መሥሪያ ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ለአዳዲስ ማይኒንግ ድርጅቶች ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ገልጿል። ቀድሞ የገቡት ሥራቸውን ቀጥለዋል።